ከክራሩ ላይ ያነሳኋት የጥንቅሽ ልጣጭ

ይህ ነገር ተጽፎ ሊነበብ የሚገባው ስለ መሆኑ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የጦር ሜዳ ወሬ የለበትም፤ እኔም በዚያ ዘመን ጠመንጃ ያነሳሁ ሰው አልነበርኩም። ነገሩ ስለ አንድ ክራር፣ ስለ አንድ ጥቅል ሽቦና ከጣት ጥፍር ስለማትበልጥ አንዲት የጥንቅሽ ልጣጭ ነው። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ተነስቼ «ይህን ደግሞ ማን ያነበዋል» እያልኩ ትቼዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያየሁት ነገር ባይኖር ኖሮ አሁንም እተወው ነበር።

ዘንድሮ፣ ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ፣ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። የክፍል ጓደኞቼ የልጆቼ እኩዮች ናቸው፤ ጋሼ እንድሪስ እያሉ ወንበር ይለቁልኛል፣ ያመለጠኝን ማስታወሻ ያስገለብጡኛል። ከእነሱ አንዱ ሳምሶን ጊታር ይጫወታል። ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሲለማመድ አገኘሁትና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጊታሩን ገመዱን ሳይሰካ ሲመታው ድምፁ ከትንኝ አይበልጥም ነበር። ሰክቶ ሲመታው ግን የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

የሚገርመኝ መስሎት በትዕግስት አስረዳኝ። ከክሮቹ ሥር ፒካፕ የሚሉት ማግኔት አለ፤ የክሩን መንቀጥቀጥ እሱ ይለቅማል። የለቀመውን በኬብል ይልካል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፣ ስፒከሩ ይናገረዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጣል። ይህን እየነገረኝ ሳለ ጊታሩ እንደ ታፈነ ሰው አጉረመረመ፤ ሳምሶንም ምክንያቱን መፈለግ ጀመረ።

«ኬብሉ ረዝሟል፤ አሳጥረው» አልኩት።

በሌላ አጭር ኬብል ቀየረውና መታው። ድምፁ ጠራ። ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ እንድሪስ፣ ይህን ደግሞ ማን አስተማረዎ?»

«አንድ የአስመራ ሰው። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ አንዱን ክር ሲመታው ከጊታሩ ላይ የላላ ነገር «ዝርርር» አለ። ሳምሶን ፊቱን አጨማደደና ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት ላይ የላላችውን ቡሎን ለማጥበቅ አጎነበሰ። እጄ ሳላዝዘው ሊከለክለው ተነሳ። ወዲያው አፈርኩና እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ያች «ዝርርር» ናት።

የእኛ ቤት ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወደ ደጋው በኩል፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ወጣ ብሎ ነበር። ከቤታችን ኋላ የማሽላ እርሻችን፣ ከእርሻው ማዶ ደግሞ ወደ ደጋው የሚወጣው አፋፍ አለ። ያንን አገር በክረምት ያየ ሰው አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ይመስለዋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ያየው ደግሞ አገሩ ሁሉ ማሽላ ይመስለዋል። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ሁለት ጎረቤታሞች ሳይተያዩ ሙሉ ቀን አብረው መዋል ይችላሉ። የምንተያየው ማማ ላይ ስንወጣ ብቻ ነበር።

ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ ስትመጣ ግን እንደ ደመና ሆና ነው፤ አንድ እርሻ ላይ ካረፈች የዓመት ቀለብ በአንድ ረፋድ ይጠፋል። ስለዚህ በየእርሻው መሐል በአራት ባላ እንጨት ላይ ማማ ይሠራል፤ አንድ ሰው እላዩ ላይ ውሎ ይጮሃል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮሃል። ታላቅ ወንድሜ ይመርና እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ በተራ እንጠብቅ ነበር። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት። ተረኛው ሲመጣ የወረደው ልጅ የማሽላ እሸት ጠብሶ፣ ወይም ጥንቅሽ ልጦ እያኘከ ወደ ቤት ይሄዳል። ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጠው የማሽላ አገዳ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ልንገረው ብዬ ነው።

ክራሩን የሠራው ይመር ነው። ገበቴው የተሰነጠቀ የእንጨት ሳህን፣ ፊቱ የፍየል ቆዳ፣ ጅማቶቹ የበግ አንጀት ነበሩ። ጅማቶቹ ከሚያርፉባት ከበርኩማዋ ላይ፣ በሦስተኛው ጅማት ሥር፣ የጥንቅሽ ልጣጭ ሸጉጦበት ነበር። በዚህ ምክንያት ሦስተኛው ጅማት ሲመታ እንደሌሎቹ «ድን» አይልም፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሻክራል። ይመር ይህን ያደረገው ለጌጥ አልነበረም። ጥርት ያለ ድምፅ ከግሪሳው ጫጫታ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል፤ የሚሻክር ድምፅ ግን ጫጫታውን ሰንጥቆ ይወጣል ይል ነበር። እውነቱን ነው። ማማው ላይ ሆኖ ሲመታው ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር።

የተረኛ መጥሪያችን አራት ምት ብቻ ነበረች። ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች፤ የመጨረሻዋ በምትሻክረው ጅማት ላይ ታርፋለች። ትርጉሟ «ና፣ ተራህ ነው» ነው። የተጠራው ሰው ጅራፉን ሁለት ጊዜ ያጮሃል፤ ይኸውም «ሰምቻለሁ፣ መጣሁ» ማለት ነው። ሌላ ሰው ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም ነበር። እናታችን ብቻ ታውቀዋለች። ክራሩን «ሸይጧን የገባበት ሳህን» እያለች ትሰድበዋለች፤ መጥሪያዋን ስትሰማ ግን ምሳ ማቅረብ ትጀምራለች።

ጣሊያን ሲገባ ይመር ዱር ገባ። ከቤት ሲወጣ ክራሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ወደ አፋፉ ጠቁሞ ማማችንን ከዚያ ሆኖ እንደሚያያት ነገረኝ። ይህን ያለው እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። እኔም ለማመን ስለፈለግሁ አመንኩ።

በጣሊያን ሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ እናታችን በወባ ወደቀች። ወባ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ይመጣል፤ ሰው ይተኛል፣ ሰው ይነሳል። የእሷ ግን አልለቅ አለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ጠዋትና ማታ እየመጡ ያጥቧት፣ ቀጭን የማሽላ አጥሚት ያጠጧት ነበር። ትኩሳቱ ሲበርድላት የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይመርን አንዴ ልየው፤ ከዚያ በኋላ አላህ የፈቀደውን ያድርግ ትላለች።

ሰው መላክ አይቻልም ነበር። ከወር በፊት ለሌላ ቤተሰብ መልእክት ይዞ ወደ አፋፉ የወጣ ሰው አልተመለሰም። ማማው ላይ ነጭ ጨርቅ መስቀል ይቻል ነበር፤ ጨርቁን ግን ባንዳውም ያየዋል። ጅራፍ እንዳላጮህ በኅዳር አገሩ ሁሉ ጅራፍ ነው። ክራሩን ማማው ላይ ወጥቼ መታሁት፤ ከእርሻው ማዶ እንኳ አልተሻገረም።

በዚያው ሰሞን ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ድምፅ ማጉያ ተተከለ። መንገድ የሚሠራው የጣሊያን ካምፕ ነው ያመጣው። ከረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጡሩምባ የመሰለ የቆርቆሮ ቀንድ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በድንኳን ውስጥ ማሽኑ አለ፤ ከድንኳኑ ኋላ ሞተር ይንደቀደቃል። በየገበያው ቀን አዋጅ ይነገርበታል። ሰው እንዲሰበሰብ ደግሞ በፊት ሸክላ ይዘፈንበት ነበር፤ ግን የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሸክላዎቹን እንደ ቂጣ አጣጠፈቻቸው። ስለዚህ የካምፑ አለቃ የአገር ተጫዋች ይፈለግ ብሎ አዘዘ።

ተጫዋች የሚፈልገው ሰው የማሽኑ ሠራተኛ ተስፋይ ነበር። የአስመራ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጥርሱ የተፈናቀለ፣ ኪሱ ሁልጊዜ በሽቦ ቁርጥራጭ የተሞላ። በርሜል ላይ ቆሞ ክራር የሚችል እያለ ሲጣራ ገበያተኛው ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ቀንዱን እያየሁ ነበር። ከቀትር በኋላ የቆላው ነፋስ ወደ ደጋው እንደሚነፍስ በአገሩ የማያውቅ የለም። ከዚህ ቀንድ የወጣ ድምፅ በእኛ ቤት ላይ አልፎ አፋፉን ይመታል። ወደ በርሜሉ ሄድኩና ክራር አለኝ አልኩት። አንድ ማሽላ የሚሸጥ ጎረቤታችን ባጠገቡ ሳልፍ፣ ቀና ሳይል፣ «ወንድሙ ከገደል፣ እሱ ከጡሩምባው ሥር» ሲል ሰማሁት።

ለተስፋይ ሁሉንም አልነገርኩትም። አንድ ሩቅ ያለ ሰው ይህን ክራር እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ ብቻ አልኩት። ማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። በኋላ ሳስበው ያልጠየቀኝ ስለገባው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ከመናገሪያው ፊት አስቀምጦ አስመታኝ። የወጣው የአህያ፣ የሞተርና የገበያ ድምፅ ነበር፤ ክራሩ ከሁሉም በታች እንደ ጉንዳን ይንፏቀቃል። ተስፋይ ጥቂት አሰበና ከተሰበረ የወታደር ስልክ ላይ ማዳመጫውን ፈትቶ አመጣ። ውስጡ ማግኔትና በጣም ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ድቡልቡል ነገር ነበር። ይህ ነገር ሰው ሲያወራበት ብቻ ሳይሆን የተለጠፈበት ነገር ሲንቀጠቀጥም እንደሚሰማ ነገረኝ። በሰም ከክራሩ ቆዳ ላይ ለጠፈው፤ ሰሙ በሙቀቱ ቀለጠና ወደቀ። በግራር ሙጫ ለጠፈው፤ ያዘ።

አሁን ክራሩ ተሰማ። ቆዳው መሐል ሲለጠፍ እንደ ከበሮ ያጓራል፤ ወደ በርኩማዋ ሲጠጋ ይሰላል። ገመዱን አርዝመን ከድንኳኑ ውጭ ስቀመጥ ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሳሳጥረው ይመለሳል። ማሽኑን ከልክ በላይ ሲከፍተው ቀንዱ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ያፏጫል። ተስፋይ ይህን ሁሉ ሲያሳየኝ ደስ ይለው ነበር፤ በአገሩ አነጋገር ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እያለ ይጠራኝ ነበር።

«ሓወይ፣ ድምፅ መንገደኛ ነው» አለኝ። «ከጅማቱ ተነስቶ ቀንዱ እስኪደርስ በየኬላው ይፈተሻል። ማግኔቱ አንድ ኬላ፣ ገመዱ አንድ ኬላ፣ ማሽኑ አንድ ኬላ፣ ቆርቆሮው አንድ ኬላ። እያንዳንዱ አንድ ነገር ይቀማዋል፣ አንድ ነገር ያሸክመዋል። ሲደርስ የላክኸው ሰው መሆኑን እንጃ።»

ይህን አባባል ያኔ በቅጡ ብሰማው ኖሮ የማወራው ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። የበግ አንጀቱን ትተን የብረት ሽቦ ብንወጥር ማግኔቱ ጅማቱን ራሱን ይለቅመዋል፤ ድምፁም ሦስት እጥፍ ይርቃል አለኝ። ከስልክ ሽቦ ውስጥ የብረቱን ክር እየነጠለ አዘጋጀልኝ። ወጠርነው። ሦስተኛውን ስመታው የጥንቅሽ ልጣጯ በብረቱ ላይ እንደ ተናደደ ንብ ጮኸች፤ ቀንዱም አብሯት ተንጫጫ። ተስፋይ ይህችን ነገር ብናነሳት ይጠራል አለ። አለቃውም በድንኳኑ በር ቆሞ ጆሮውን ይዞ ነበር።

በዚያ ዕድሜዬ ሰው ፊቱን ሲያጨማድድብኝ አልወድም ነበር፤ አሁንም አልወድም። ተስፋይ እንዲደሰት፣ አለቃው እንዲተወን፣ ገበያተኛውም እንዲወደው ፈለግሁ። ልጣጯን በጥፍሬ አነሳኋትና ኪሴ ጨመርኳት።

ድምፁ አማረ። ይህን መካድ አልችልም። እንደ ውኃ ጠርቶ፣ እንደ ደወል ረዝሞ ከቀንዱ ወጣ። ገበያው ዝም አለ፤ አንዲት ቅቤ ሻጭ እጇን ከሚዛኑ ላይ ሳታነሳ አንጋጣ ስታዳምጥ አየኋት። አንድ ሁለት የታወቁ ዜማዎችን ከተጫወትኩ በኋላ መጥሪያዋን መታሁ። «ና፣ ተራህ ነው።» ነፋሱ ወደ አፋፉ ይነፍስ ነበር። አሥር ጊዜ ያህል መታኋት።

አመሻሹ ላይ እየሮጥኩ ቤት ስገባ እናቴ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ነፋሱ ዛሬ ክራር ይዞ መጥቶ እንደነበር ነገረችኝ።

«የኔ ነበር፣ እማዬ» አልኳት።

«ያንተማ አይደለም» አለች። «የኛው ክራር ጉሮሮው ይሰነጠቃል። የዛሬው የጠገበ ሰው ክራር ነው።»

የእኔው እናት፣ ክራሩ ከራስጌዋ ተሰቅሎ የኖረ ሴት፣ ካላወቀችው ይመር በምን ያውቀዋል? ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ዜማዋን ያውቃል አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ማማው ላይ ሆኜ አፋፉን ሳይ ዋልኩ። በየአቅጣጫው ጅራፍ ይጮሃል፤ አንዱም የእኛ አልነበረም። እናቴ በየቀኑ እየሳሳች ሄደች። እጇን ስይዘው የደረቀ የማሽላ አገዳ የያዝኩ ያህል ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማልጄ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። የብረት ሽቦዎቹን ፈትቼ የበግ አንጀቱን መልሼ ወጥሬ ነበር። ልጣጯንም ከኪሴ አውጥቼ ቦታዋ መልሻታለሁ። ተስፋይ ሲያየው እጁን በራሱ ላይ ጫነ። በአንጀት ላይ ማግኔቱ ጅማቱን ራሱን እንደማይለቅም፣ ልጣጯ ደግሞ አለቃውን እንደምታስቆጣ ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው እውነቱን የነገርኩት። እናቴ እየሞተች መሆኑን፣ ያ ሩቅ ያለው ሰው ወንድሜ መሆኑን፣ ድምፁ ካማረ እንደማያውቀው።

ተስፋይ ከኪሱ ሽቦ አውጥቶ ማጣመም ጀመረ። ከዚያ ድቡልቡሉን ማግኔት አንስቶ ከበርኩማዋ አጠገብ፣ ልጣጯ ካለችበት በጣት ስፋት አርቆ፣ በሙጫ ለጠፈው። ገመዱን ቆርጦ እስከ ጉልበቱ ድረስ አሳጠረው፤ እኔን ከማሽኑ ጋር አጣብቆ አስቀመጠኝ። ሞተሩ ጀርባዬን እያንቀጠቀጠው፣ ላቤ በክራሩ ላይ እየተንጠባጠበ ጀመርኩ። ማሽኑን ግማሽ ድረስ ብቻ ከፈተው፤ ከዚያ ካለፈ የልጣጯ ድምፅ ተሰባብሮ ሌላ ነገር እንደሚሆን ነገረኝ። ቀንዱ በራሱ እንዳይንቀጠቀጥ ደግሞ የአንገት ልብሱን አውልቆ ጠመጠመበት። ያ ሰው ያን ቀን ያደረገው ሁሉ ድምፁን ለማሳመር ሳይሆን እንዳለ ለማሳለፍ ነበር።

ድምፁ ወጣ። ሻካራ፣ ትንፋሹ የሚያጥረው፣ ጉሮሮው የሚሰነጠቅ። የገበያው ሰው ሳቀ። አንዱ «ጡሩምባው ወባ ያዘው» አለ፤ ሌላው ያለፈውን አምጡልን እያለ ተጣራ። አለቃው መጥቶ ጮኸ፤ ተስፋይ ገመዱ እንደ ታመመ፣ እየፈለገው መሆኑን በጣሊያንኛ እያስረዳ በጣቱ ቀጥል አለኝ። መጥሪያዋን ስንት ጊዜ እንደ መታኋት አላውቅም። አለቃው ራሱ ገብቶ ማሽኑን እስኪዘጋው ድረስ መታኋት። በዚያው ክራር በድምፅ ማጉያው መሰማቱ ቀረ። ተስፋይም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ካምፕ ተላከ፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ቤት ስደርስ እትዬ ዘሀራ በር ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። እናቴ ከቀትር በኋላ ክራሩን ስትሰማ ብድግ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ ለስንት ቀን ያላደረገችውን። ይመር ማማው ላይ ነው፤ ምሳውን አድርሱለት ብላ አዘዘች። እትዬ ዘሀራ ምን እንደሚያደርጉ ጨነቃቸው። እንዳትከፋባቸው ብለው የማሽላ ቂጣና እርጎ ይዘው በማሽላው መሐል ሄዱ፤ ማንም የሌለበት ማማ ላይ አስቀምጠውት ተመለሱ። አድርሻለሁ ሲሏት ተኛች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሰዎች ሲመለሱ፣ ብቻዬን ማማው ላይ ወጣሁ። ወፍ ልጠብቅ አልነበረም። ግሪሳው ወርዶ የፈለገውን ይበላ ነበር። ከእርሻው ጠርዝ፣ ከአፋፉ በኩል፣ ጅራፍ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

ይመር ወፍ ጠባቂ መስሎ፣ ጅራፍ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ማሽላውን እየከፈለ መጣ። ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ ነበር። ፊቴን አየና ምንም ሳልነግረው ገባው። ማማው ሥር ቁጭ አለ፤ እኔም ወረድኩ። የመጣበትን መንገድ ነገረኝ። ከገበያው ቀን ማታ ጀምሮ መንገድ ላይ እንደነበር፣ ጠባቂዎች ስለነበሩ አንድ ቀን ሙሉ ደረቅ ፈፋ ውስጥ ተኝቶ እንደዋለ።

«ያለፈው ሳምንት የመታሁትንስ አልሰማኸውም?» አልኩት።

«ሰምቼዋለሁ። ዜማው የኛ ነበር፤ ክራሩ ግን የኛ አልነበረም። አንተን ይዘው፣ መጥሪያችንን አስነግረውህ፣ በሌላ ሰው እጅ የሚያስመቱት መሰለኝ። ወጥመድ ነው ብዬ ተመለስኩ።»

ልጣጯን አንስቻት እንደነበር ነገርኩት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ምክንያት ልሰጠው እችል ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ያጠፋሁበት ምክንያት ግን አንድ ነው።

«እንዲያምር ብዬ» አልኩት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክራሩን ከቤት አምጣልኝ አለና በእጁ ይዞ በርኩማዋን ዳሰሳት፤ ልጣጯ ቦታዋ መሆኗን አየ። ከዚያ የእናታችንን የመጨረሻ ቀን ነገርኩት፤ እሱ ማማው ላይ እንዳለ አምና እንደ ተኛች፣ ምሳም እንደ ላከችለት። ወደ ማማው ቀና ብሎ አየ። ቂጣውን ወፎች ጨርሰውት፣ የእርጎው ቅል ብቻ ተጋድሞ ነበር።

«የኔን ምሳ ለግሪሳ አበላችሁት» አለ። እንባው እየወረደ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ያህል ያመመኝ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስቄ አላውቅም።

መቃብሯ ላይ ዱዓ አድርጎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደ። ክራሩን ሲመልስልኝ «ከእንግዲህ አታሳምረው» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ ማሽላው በደረሰ ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላ ማማው ላይ መጥሪያዋን እመታ ነበር። እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ያለ ቀንዱና ያለ ማሽኑ ክራር ያን ያህል እንደማይርቅ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ጣሊያን ወጣ ሲባል ሰው ሁሉ ከየዱሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ይመር ግን አልመጣም። ወደ ጎንደር ዘምቷል ያለኝ ሰው ነበር፤ ሞቷል ያለኝም ነበር። እኔ መምታቴን አላቆምኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ሳምሶን ቡሎኗን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ጊታሩን እንደገና መታው። ድምፁ ጠርቶ አዳራሹን ሞላው። «አሁን አላማረም፣ ጋሼ እንድሪስ?» አለኝ። አምሯል አልኩት፤ እውነትም አምሮ ነበር። ያ ጊታር የሚጠራው ሰው የለም፤ ማማር ይችላል። እቤት ስገባ ግን ክራሩን ከግድግዳው አውርጄ ሦስተኛውን ጅማት ነካሁት። ልጣጯ ደርቃ ቡናማ ሆናለች፤ አሁንም ትሻክራለች። ይመር ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ይህን ስጽፍ ደግሞ ባሳምረው ምን አለበት የሚል ሐሳብ ደጋግሞ መጥቶብኝ ነበር፤ ክራሩን ከፊቴ አስቀምጬ ስለጻፍኩት እንዳለ የቀረ ይመስለኛል።

ሳምሶን ትናንት ታሪኩን ሲሰማ ወንድምዎ ታዲያ ተመልሶ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መጣ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መጥሪያዋን መትቼ ሳበቃ ከእርሻው ጠርዝ ጅራፍ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ከዚያ ማሽላው ተከፈለና ይመር ከማማው ሥር ቆሞ «ውረድ፣ ተራዬ ነው» አለኝ። ቀኑን አልረሳውም፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር።